ሕገ መንግሥት ጉባኤ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ላይ የአንቀጽ ቁጥር ቡና እየተጠጣ ይወራል። «አንቀጽ 47» ካሉ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ሲዳማ ክልል ልሁን ብሎ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ የሰጠው በዚያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ነው። አንቀጹን ማን አጸደቀው ሲባል ግን ብዙው ሰው «ፓርላማ» ይላል።

አይደለም። ያጸደቀው ሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው። አባላቱን ሕዝብ ይመርጣል፤ ዋና ሥራቸው አንድ ነው፦ ሕገ መንግሥት መጻፍ፣ ወይም ተረቅቆ የመጣላቸውን ተከራክረው ማጽደቅ። ሲጨርሱ ይበተናሉ። ፓርላማ ለምን አይሠራውም? የሚሠራበት አገር አለ። ግን የፓርላማን ሥልጣን የሚገድበው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ የራሱን ገደብ ራሱ ያስምር ከተባለ ማን ያጠብባል?

ወደኛ እንምጣ። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ የተሰጡ ናቸው። የ1979ኙን ኮሚሽን አረቀቀው፤ በሕዝበ ውሳኔ አለፈ። የአሁኑን ያረቀቀው በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የሚመራ ኮሚሽን ነው። የጉባኤው አባላት ግንቦት 28 ቀን 1986 ተመረጡ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 አጸደቁት። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በየዓመቱ ኅዳር 29 የሚከበረው ለዚህ ነው፤ ጭፈራው ደምቆ ምክንያቱ ይረሳል እንጂ።

ጉባኤው ውስጥ በመሬትና በመገንጠል ላይ የጦፈ ክርክር ነበር። ነገር ግን ከ547 መቀመጫ 484ቱ የኢሕአዴግ ነበር። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ከምርጫው ራሳቸውን አግልለዋል። «የማን ሕገ መንግሥት ነው?» የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ ያልበረደው፣ በእኔ እይታ፣ ከጽሑፉ ይልቅ በዚህ ነው።

ሰፊ ውክልናም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ቺሊ ብዙ የግል ተወዳዳሪዎች የገቡበት 155 አባላት ያሉት ጉባኤ መረጠች፤ የጻፉትን ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 62 በመቶ በሚሆን ድምፅ ጣለው። የኔፓል የመጀመሪያው ጉባኤ ደግሞ አራት ዓመት ተቀምጦ፣ ሳይስማማ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተበተነ።

አሁን ይሻሻል ቢባልስ? አንቀጽ 105 ሌላ ጉባኤ ይጠራ አይልም። በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለመንካት፣ መሬትና መገንጠልም እዚያው ናቸው፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ የክልል ምክር ቤቶችም ሁሉም በአብላጫ ድምፅ። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። ሐዋሳ የሚሰበሰበው የሲዳማ ምክር ቤት ብቻውን እምቢ ቢል ነገሩ እዚያው ይቆማል።