ፀሐይ ምጣድ ብትሆን፦ ሕፃናትን ስለ ሕዋ ስናስተምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን አንድ ኬጂ ውስጥ አስተምራለሁ። ልጆቼ የአራትና የአምስት ዓመት ናቸው። ስለ ፀሐይና ጨረቃ ስናወራ እነሱ አያስቸግሩኝም። የሚያስቸግረው እኛ ትልልቆቹ ይዘነው የኖርነው ነገር ነው። ከወላጅም ከመምህርም ደጋግሜ የምሰማውን ላንሳ።

«ገና ሕፃናት ናቸው፤ ሕዋ ምን ይገባቸዋል?»

እንዲህ የምንለው ትምህርቱ የፕላኔት ስም ማሸምደድ ስለሚመስለን ነው። ልጁ «ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን» እያለ ቢያነበንብ እንግዳ ፊት ያስጨበጭብ ይሆናል፤ ሌላ ጥቅሙ አይታየኝም። ጥላን ግን ያውቃል። ጠዋት ግቢው ውስጥ አንድ እንጨት እንተክልና የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር እናስቀምጣለን። ለመክሰስ ስንወጣ ጥላው ጠጠሩን ጥሎት ሄዷል። አንዱ ልጅ «ጠጠሬን ነካህብኝ!» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተጣላ። በማግስቱ ጠጠሩን ሊጠብቅ አጠገቡ ቁጭ አለ። ሌባው ጥላው መሆኑን ያየው ያኔ ነው። ምድር ትዞራለች የሚለው ቆይቶ ይደርሳል። ብቻ ፀሐይዋን ራሷን ቀና ብለው እንዳያዩ አደራ፤ ዓይን ይጎዳል።

«ያለ ቴሌስኮፕ እንዴት ይሆናል?»

እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ደስ ይላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ሳፋ ላይ የተነጠፈ ዱቄት ይበልጥበታል። ላዩን የደረቀ የቡና አተላ በተን አድርጉበት። ከዚያ ልጆቹ ከከፍታ ጠጠር ይጣሉበት። ጠጠሩ ትንሽ፣ ጉድጓዱ ትልቅ፤ ነጩ ዱቄት ዙሪያውን ይረጫል። የጨረቃ ፊት የተቦዳደሰውም እንዲሁ ድንጋይ እየወደቀበት ነው።

«ፖስተሩ ላይ እንዳለው ነው»

በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ፖስተሩ ያናድደኛል። ፕላኔቶቹ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተጠጋግተው ተሰልፈዋል። ምድርም የፀሐይን ሩብ ልታክል ምንም አልቀራት።

እኛ ምጣድ አመጣን። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ፀሐይ ምጣድ ከሆነች ምድር አንዲት አተር ናት። ምጣዱ ጥቁር መሆኑ አንዷን አላስደሰታትም፤ ቢጫ ወረቀት ለጠፍንበት። የመጀመሪያዋ ምድራችን ቆሎ ስለነበረች ተበላች። ሁለተኛዋን ጥሬ አደረግናት።

ቀጥሎ ርቀቱ። አተሯ ከምጣዱ 65 ሜትር ያህል መራቅ አለባት። ግቢያችን አልበቃም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ከበር ወጣን። ጨረቃ አንዲት የጎመንዘር ፍሬ ሆነች፤ ከአተሯ አንድ ስንዝር እንኳ አትርቅም። ከዚያ ዞረን ምጣዱን አየነው። ፀሐይ ሰማይ ላይ የምታክለውን ያህል ሆኖ ታየ። ይህን ሳስብ እኔ ራሴ ገረመኝ፤ ልጆቹ ግን ያሳሰባቸው አተሯን ማን እንደሚይዝ ነበር። ጁፒተር ሎሚ ታክላለች፤ ቦታዋ ከ300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አልሄድንም፤ ምሳ ደረሰ።

«ከፍ ያለ ቦታ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ይሞቃል»

ይህን ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ለብሶ የሚናገር ሰው አለ! ከተማችን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። በጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሄደ ልጅ ሹራቡን የት ላይ እንዳወለቀ ያውቃል። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እያለች በመካከላችን ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቁም ነገር አይደለም። አየሩን የምታሞቀው በፀሐይ የሞቀች መሬት ናት። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ደግሞ አየሩ እየሳሳ ይቀዘቅዛል። እንዲያውም ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚህ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን።

«ጨረቃ የማታ ናት»

ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ወደ ምዕራብ ቀና በሉ። እዚያው ናት።

«ሕዋ ላይ ስበት ስለሌለ ሰው ይንሳፈፋል»

ጠፈርተኞቹ የሚኖሩበት ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። እዚያ የምድር ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። የሚንሳፈፉት ከነጣቢያቸው ያለማቋረጥ ወደ ምድር ስለሚወድቁ ነው፤ ወደ ጎን በጣም ስለሚፈጥኑ ግን ምድርን አያገኟትም። ለልጅ ይህን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። ባዶ ሃይላንድ ከታች ብሱና ውሃ ሙሉበት። ውሃው ይንፎለፎላል። ልቀቁት፤ እየወደቀ ሳለ ውሃው ቀጥ ይላል። ልጆቹ «ድገሚው!» ይላሉ። በእኛ ብርድ ከእኩለ ቀን በፊት አትሞክሩት።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው»

ባሕረ ሐሳባችን ጨረቃን በ19 ዓመት ዙር ሲቆጥር ኖሯል። የከተማችን ስምም ከሰማይ የመጣ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከታየው ብርሃን። ትውፊቱ ተአምር ይለዋል። በ1448 ዓ.ም. የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ልትሆን ትችላለች የሚሉም አሉ። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ትመለሳለች። ያለፈው በ1978 ነበር፤ ቀጣዩ በ2053 ነው።

ኳስ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረን ጅራታም ኮከብ ሠራን። ምጣዱን እየዞሩ ሮጡ። ጅራቷ ከኋላ የሚጎተት ይመስለናል እንጂ ሁልጊዜ ከፀሐይ እንደሸሸ ነው፤ ስትመለስ ጅራቷ ይቀድማል። ስለዚህ ሲመለሱ ጨርቁን ከፊት ይዘው፣ እየተደናቀፉ ነበር። «እውነተኛዋ ስትመጣ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናችኋል» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ አንቺስ?» አለችኝ አንዷ። በጣቷ ትቆጥርልኝ ጀመር። ጣቷ አልበቃ ሲላት የጓደኛዋን ተበደረች።