የስንዴ አለርጂ የደም ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የደም ምርመራዬ ፖዘቲቭ ስለሆነ የስንዴ አለርጂ አለብኝ።»

ብዙ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ዳቦ የሚያቆመው በዚህ ነው። ምርመራው የሚለካው ሰውነት በስንዴ ፕሮቲን ላይ የሠራውን አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ሰውየው ስንዴ ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ስንዴ ራሱ ከሣር ወገን ነውና የሣር ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው የስንዴ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል፤ ዳቦ ሲበላ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሙ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት «በልተህ ምን ሆንክ? ከምን ያህል ጊዜ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የዚህ ዓይነቱ አለርጂ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር አስከትሎ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል። ጥርጣሬው ካልጠራ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሐኪም ክትትል ስር ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ አብልቶ ማየት ነው።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ አለርጂው ከባድ ነው።»

ከፍ ያለ ቁጥር አለርጂው የመኖሩን ዕድል ያሳያል እንጂ የሚመጣውን ሕመም ክብደት አይናገርም።

«ኔጌቲቭ ከሆነ ነፃ ነኝ።»

ሁልጊዜ አይደለም። ስንዴ በልተው ሲሮጡ ወይም ከባድ ሥራ ሲሠሩ ብቻ የሚታመሙ ሰዎች አሉ። የተለመደው የስንዴ ምርመራ እነዚህን ሊያልፋቸው ስለሚችል ኦሜጋ-5 ግሊያዲን የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚያይ ምርመራ ይታዘዛል።

«በኢንተርኔት የሚሸጠው የአይጂጂ ምርመራ የማይስማማኝን ሁሉ ይነግረኛል።»

ይሄኛው ያናድዳል። አይጂጂ ከአይጂኢ የተለየ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነት ለለመደው ምግብ የሚሠራው ጤናማ ምላሽ ነው፤ ምርመራው በአብዛኛው የሚነግርዎ አዘውትረው የሚበሉትን ነው። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ለምግብ አለርጂ ምርመራ እንዳይውል መክሯል። በዚህ ወረቀት ተመርቶ ከልጅ ማዕድ ስንዴውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን ማንሳት ልጁን ሊያቀጭጭ ይችላል።

«ሲሊያክም ያው አለርጂ ነው፤ ከመመርመሬ በፊት ዳቦ ላቁም።»

ሲሊያክ ግሉተን በተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ምክንያት ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ነው፤ የደም ምርመራውም ሌላ ነው። ግሉተን አስቀድሞ ያቆመ ሰው በሽታው እያለበት ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እስኪመረመሩ ድረስ እንደወትሮው ይብሉ።

«እንጀራ ስለሆነ አያሰጋም።»

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ሁለቱም ግሉተን አላቸው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ሻጩን ከምን እንደተጋገረ ይጠይቅ፤ እርግጠኛ መልስ ካላገኘ አይግዛ።