የጥርስ ጤና ጥበቃ በኢትዮጵያ፦ ከመፋቂያ እስከ ምርመራ ወንበር

የጥርስ ጤና ጥበቃ ጥርስ ሳይቦረቦርና ድድ ሳይደማ የሚደረገው የየዕለት ጽዳትና የየጊዜው ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ ጽዳቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ ሲሆን ምርመራው ግን ገና ሥር አልሰደደም። አብዛኛው ሰው የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው እንቅልፍ የነሳውን መንጋጋ ለማስነቀል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። አብዛኛው ችግር አስቀድሞ መከላከል የሚቻል ነው።

የአገሩ ዋና የጥርስ ማጽጃ መፋቂያ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ወይራና ክትክታ በብዛት ለመፋቂያ ይቆረጣሉ። በአፋርና በሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ በትግርኛ ዓዳይ የሚባለው፣ በዓረቡ ዓለም ሲዋክ ወይም ሚስዋክ ተብሎ የሚታወቀው ዛፍ ይመረጣል። አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም ወግ አለው። እርሳስ የሚያህል፣ ስንዝር የማይሞላ እርጥብ ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ ይላጥና እንደ ብሩሽ እስኪበተን ድረስ ይታኘካል፤ ከዚያም ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እየተሳበ ይፋቃል። የተበተነው ጫፍ ሲያረጅ ተቆርጦ አዲስ ይላጣል። በአዲስ አበባ መንገዶች በእቅፍ ይዘው የሚያዞሩት ልጆች ዛሬም አሉ፤ ጠዋት መፋቂያ በአፉ ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰውም ማንንም አያስገርምም።

መፋቂያን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በጥናቱ መሠረት አፋፋቁን በሚገባ ለተማረ ልጅ መፋቂያ ጥርስን በማጽዳት ከፋብሪካ ብሩሽ የሚያንስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 ልማዱ ባለባቸው አገሮች መፋቂያን መጠቀም እንዲበረታታ መክሯል። በእርግጥ መፋቂያ ድክመት አለው። የፊት ጥርስን አሳምሮ ያጸዳል፣ ከኋላ መንጋጋ ጀርባና ከጥርስ መሃል ግን እንደ ልብ አይደርስም። በኃይል ሲፋቅ ድድን ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለውን ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገርም በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለውን ያህል አይሰጥም። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም የሚከለክለው ነገር የለም፤ ቀን መፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ብሩሽ።

ባህላዊ ልማዶች ሁሉ ግን የሚመሰገኑ አይደሉም። የሕፃናት ተቅማጥና ትኩሳት ከድድ ሥር ካለ «ግግ» ይመጣል በሚል እምነት፣ ገና ያልበቀለውን የወተት ክራንቻ በስለት መፈልፈል በብዙ አካባቢ ሲሠራበት ኖሯል። የሚወጣው ነገር በሽታ ሳይሆን የጥርስ እንቡጥ ነው። ቁስሉ ለቴታነስና ለደም መመረዝ ያጋልጣል፤ ከሥሩ የሚጠብቀው ቋሚ ክራንቻም ሊበላሽ ወይም ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። ልማዱ በአገሪቱ ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ተመድቧል። በአንጻሩ ለሕመም ማስታገሻ ቅርንፉድ ነክሶ ማደር መሠረት አለው። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለውን ዩጂኖል ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ የተቦረቦረውን አይደፍንም።

ጥርስን የሚቦረቡረው ትል ነው የሚለው የቆየ እምነት ነው። ሥራው የባክቴሪያ ነው። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ስስ ንብርብር ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ይህን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ ድግግሞሹ ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚጎነጭ ሰው ለጥርሱ ፋታ አይሰጠውም። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ምሬቱን ለማለዘብ የሚጠጡት ለስላሳም እንዲሁ ነው። ጫቱ ራሱ ስለሚያስከትለው የድድ ጉዳት ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

የኢትዮጵያ የጥርስ ታሪክ በሚገባ የተመዘገበው በስምጥ ሸለቆ ነው። የአዳማ፣ የወንጂ፣ የመተሐራና የዝዋይ ተወላጅ በጥርሱ ቀለም ይታወቃል ይባላል። ቡናማ ነጠብጣቡ የጽዳት ጉድለት አይደለም። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ ካልሲየሙ አነስተኛ በመሆኑም ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በወንጂ አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች.ቪ.ኤ. በተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ሲጀምር ሠራተኛው ከየአገሩ መጥቶ ከእነዚህ ጉድጓዶች ጠጣ። እዚያው የተወለዱት ልጆች ጥርስ ጠቆረ። ለብዙ ዓመታት ከጠጡት ጎልማሶች መካከል የአከርካሪ አጥንታቸው ደርቆ የጎበጡ፣ እግራቸው የተሳሰረ ሰዎች ተገኙ። ይህን በአገር ውስጥ ሳይንስ ካስመዘገቡት ቀዳሚው የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር የአገሪቱን ውሃ የፍሎራይድ ስርጭት በካርታ ያስቀመጡበት ሥራ ለዘርፉ ትልቅ ባለውለታ ነው።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ። ቀለሙ የሚበላሸው ጥርሱ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ነው፤ ይህም በአብዛኛው እስከ 8 ዓመት ያለው ጊዜ ነው። ከወጣ በኋላ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበልጥ ያከማቸዋል። በመንደሮች ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴ ነው። ሁለተኛው የከሰለ የከብት አጥንት ማጣሪያ ሲሆን፣ ውሃ በአጥንት ውስጥ አልፎ መጠጣቱን የሚጠየፉ ሰዎች አልጠፉም። አስተማማኙ መንገድ የተሻለ ምንጭ ፈልጎ በቧንቧ ማድረስ ነው።

እንግዲህ ይኸው ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን የጥርስ ጋሻ ነው። ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ያለው ድርሻ) ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መጠቀም ከሁሉ በላይ የተረጋገጠ መከላከያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ሳሙናውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት መንጋጋዎች ኋላ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ልዩ ትኩረት ይሻል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸውና «ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። እሱ ከተበላሸ ምትክ የለውም።

ምርመራው ራሱ ብዙ አያስፈራም። ሐኪሙ በትንሽ መስታወት የእያንዳንዱን ጥርስ ጀርባ ያያል፣ በቀጭን መለኪያ የድዱን ጥልቀት ይለካል፣ ብሩሽ የማያነሳውን የደረቀ ንብርብር ያነሳል። የጀመረ ቡርቡር በዚህ ደረጃ ከተገኘ በአንድ ሙሌት ያልቃል። ነርቭ ላይ ከደረሰ ግን የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ይከተላል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይንራል። «በየስድስት ወሩ» የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል አይሠራም። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ለአዋቂ እንደ አደጋው መጠን ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት፣ ለልጅ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ልዩነት ያስቀምጣል። የስኳር በሽተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አጫሾች ድዳቸው ቶሎ ስለሚቆጣ ቀጠሯቸው መቀራረብ አለበት። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ድድ ሲደማና ሲሸት ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ፊትን የሚበላው ኖማ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይገታል።