ንጹህ ዝርያ ያለው ውሻ መምረጥና ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ማግኘት

ንጹህ ዝርያ የሚባለው ውሻ ከወላጆቹ ጀምሮ ወደ ኋላ ያለው ትውልዱ ከአንድ ዝርያ መሆኑ በመዝገብ የተያዘለት ነው። መዝገቡን የሚይዙት የውሻ ክለቦች ናቸው። የእንግሊዙ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1873፣ የአሜሪካው በ1884 ተቋቋሙ፤ የብዙ አገር ክለቦችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) ደግሞ በ1911 ተመሠረተ። ፌዴሬሽኑ ከ340 በላይ ዝርያዎችን በ10 ምድብ ከፍሎ ያውቃል፤ እያንዳንዱም ቁመናው፣ ጸጉሩና ጠባዩ የተጻፈበት መለኪያ አለው። የንጹህ ዝርያ ዋና ጥቅም ከዚሁ ይመነጫል፦ ቡችላው ሲያድግ ምን እንደሚሆን ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ይታወቃል።

የዘር ሐረግ ወረቀት ግን ስለ ጤና አይመሰክርም። የሚናገረው ቡችላው ከማን እንደተወለደ ብቻ ነው። ሁለት በሽተኛ ውሾች ዝርያቸው አንድ ከሆነና ከተመዘገቡ ልጆቻቸው ወረቀት ያገኛሉ። ብዙ ገዢ የሚጎዳው «ወረቀት አለው» ሲባል «ጤነኛ ነው» ብሎ ስለሚሰማ ነው።

ዝርያውን መምረጥ

መነሻው መልክ ሳይሆን ውሻው ለምን ሥራ እንደተራባ ማወቅ ነው። ቦርደር ኮሊ ቀኑን ሙሉ በግ እንዲያግድ የተራባ ስለሆነ ሥራ ሲያጣ የሚሮጥ ሕፃንና የሚያልፍ ብስክሌት ያሳድዳል። ቢግል ሽታ ተከትሎ በቡድን የሚያድን ነው፤ አፍንጫው መሬት ከነካ ስሙ ቢጠራ አይሰማም፣ ጩኸቱም ከሩቅ እንዲሰማ የሆነ ነው። ትልቅ ውሻ ሁሉ ብዙ ሩጫ ይፈልጋል ማለትም አይደለም። ትንሹ ጃክ ራስል ቴሪየር ከግሬት ዴን የበለጠ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። ግሬት ዴን ቤት ውስጥ እርጋታ አለው፤ ነገር ግን ዕድሜው ባብዛኛው ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ደረቱ ጥልቅ በመሆኑም ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠመዘዝበት ይችላል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ሕመም ነው።

ፑድል ጸጉሩ እምብዛም አይረግፍም፤ በምትኩ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መከርከም አለበት። ፈጽሞ አለርጂ የማያስነሳ ውሻ ግን የለም፤ አለርጂውን የሚያመጣው በምራቅና በቆዳ ቅርፍት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ከመወሰኑ በፊት ከዚያው ዝርያ ከሆኑ ትልልቅ ውሾች ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ማሳለፍ ይኖርበታል።

ፊታቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች (ፓግ፣ ቡልዶግ፣ ፈረንሳዊ ቡልዶግ) የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የአፍንጫቸው ቀዳዳ ይጠባል፣ ላንቃቸው ለአፋቸው ይረዝማል፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ በሐሩር ቀን ቶሎ ይወድቃሉ። ቡልዶግ ቡችሎች ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ከእነዚህ አንዱን የግድ የሚፈልግ ሰው ቀዳዳቸው በግልጽ የተከፈተ፣ በእረፍት ጊዜ ትንፋሻቸው የማይሰማ ወላጆች ይፈልግ። ከ3 ደቂቃ የሶምሶማ ሩጫ በፊትና በኋላ አተነፋፈስን አዳምጦ ከ0 እስከ 3 ደረጃ የሚሰጥ ምርመራ አለ፤ ጥሩ አርቢ ውጤቱን ያሳያል።

ወላጆቹ ምን ተመርምረዋል?

«ሐኪም አይቷቸዋል» የሚለው መልስ በቂ አይደለም። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ተራ የጤና ምርመራ ላይ አይታይም፤ እያንዳንዱ ዝርያ የሚታወቅባቸው በሽታዎች አሉትና ምርመራውም ለእነሱ ተለይቶ የሚደረግ ነው።

እንደ ጀርመን እረኛ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ባሉት ትልልቅ ዝርያዎች ቀድሞ የሚጠየቀው የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ኤክስሬይ ነው። በፌዴሬሽኑ ሥርዓት ዳሌ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ኤ ጤነኛ፣ ኢ ክፉኛ የተበላሸ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት የመጨረሻው ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። እርግዝና 63 ቀን ገደማ ስለሚወስድ፣ በዚያ ሥርዓት የምትመዘገብ እናት 26 ወር ሳይሞላት ከወለደች ከወንድ ጋር የተገናኘችው የመጨረሻ ውጤቷ ሳይታወቅ ነው። የእናቲቱንና የቡችሎቹን የልደት ቀን በማስተያየት ብቻ የአርቢውን ጥንቃቄ መለካት ይቻላል።

የዲኤንኤ ምርመራ ውሻን «ነጻ»፣ «ተሸካሚ» (ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰና ራሱ የማይታመም) ወይም «ተጠቂ» ይለዋል። ለምሳሌ ላብራዶርንና ፑድልን ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታ ቡችላው ላይ የሚወጣው ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች ከወረሰ ነው። ተሸካሚ ከነጻ ጋር ቢገናኝ አንድም ልጅ አይታመምም፤ ሁለት ተሸካሚዎች ቢገናኙ ግን እያንዳንዱ ቡችላ ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። ስለዚህ «ተሸካሚ» የሚል ወረቀት ማየት የሚያስደነግጥ አይደለም። ተሸካሚን ሁሉ ከእርባታ ማስወጣት እንዲያውም የዝርያውን የዘር ስብጥር ያጠብባል፣ ሌላ ድብቅ በሽታም ያበዛል።

የልብ ምርመራ ከዚህ ይለያል፣ ጊዜው ያልፍበታልና። ዶበርማን ልቡ እየሰፋ የሚደክምበት ሕመም ስላለው የልብ አልትራሳውንድና የ24 ሰዓት የልብ ምት ቀረጻ በየዓመቱ ይደረግለታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ጤነኛ የተባለ አባት ዛሬ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ካቫሊየርም በልብ ቫልቭ ሕመም ይታወቃል። በዳልሜሽያን ደግሞ የሚመረመሩት ቡችሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከ5 ሳምንት በኋላ የእያንዳንዱ ጆሮ በኤሌክትሮድ ይፈተሻል፣ ምክንያቱም አንድ ጆሮው ብቻ የማይሰማ ቡችላ በዓይን አይለይም። ቀለማቸው ዝንጉርጉር (መርል) የሆኑ ሁለት ውሾችን ማገናኘት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ ከልጆቻቸው ሩቡ ያህሉ ጉድለቱን ከሁለቱም ወገን ይወርሳሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ደንቆሮ ወይም ዓይናቸው የተጎዳ ሆነው ይወለዳሉ።

የዘር ሐረጉ ሲነበብ በአባትም በእናትም ወገን የሚደጋገም ስም ይፈለጋል። የአጎት ልጆች ቢገናኙ የልጆቻቸው የዘመድ እርባታ መጠን 6.25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚዛመዱ ቢገናኙ 12.5፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች ቢገናኙ 25 በመቶ ነው። መጠኑ በጨመረ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚወለዱት ቡችሎች ቁጥር ይቀንሳል፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸውም ይዳከማል።

አርቢውን መለየት

ፍለጋው የሚጀመረው ከዝርያው ክለብና ከውሻ ትርዒቶች ነው። ጥሩ አርቢ አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ብቻ ይይዛል፣ ባብዛኛው ገዢን ወረፋ ያስጠብቃል፣ ከሚጠየቀው በላይም ይጠይቃል፦ ቤት የሚውለው ማን ነው? ግቢው አጥር አለው? ስትጓዙ ውሻው ማን ጋ ይቀራል? ጥያቄው ሊያስከፋ አይገባም፤ ቡችላው የት እንደሚገባ ግድ የማይለው ሰው ቡችላው ከየት እንደመጣም ግድ አይለው ይሆናል። እናቲቱ ስንት ጊዜ እንደወለደች መጠየቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ክለብ ከአንዲት እናት ከ4 ወሊድ በላይ አይመዘግብም። አባትየው ሌላ ቦታ ቢኖር ችግር የለውም፣ የምርመራ ወረቀቱ ግን መገኘት አለበት።

እናቲቱን አላሳይም፣ መንገድ ላይ እንገናኝ፣ ሳታዩት ቀብድ ላኩ የሚል ሻጭ ደላላ ወይም አጭበርባሪ ነው። «ኪስ የሚገባ» ወይም «ብርቅ ቀለም» ብሎ ዋጋ የሚያስወድድም የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጉድለትን ነው። እጅግ ያነሱ ቡችሎች የደም ስኳራቸው በቀላሉ ይወድቃል፣ በሰማያዊነቱ የሚወደስ ጸጉርም በአንዳንድ ዝርያዎች ከቆዳ በሽታ ጋር ይረግፋል።

ጉብኝት ላይ አፍንጫ ከዓይን ይቀድማል፤ የቆየ ሽንት የሚሸት ቤት በየቀኑ አይጸዳም። እናቲቱ ስታጠባ ከስታና ጸጉሯ ሳስቶ ልትታይ ትችላለች፣ የባሕርይዋን ፍርሃትና ቁጣ ግን ቸል ማለት አያስፈልግም፤ ልጆቿ ይወርሱታል፣ ከእሷም ይማሩታል። ቡችላው ሲነሳ ከሚመስለው በላይ ሊከብድ ይገባል። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ ከተነፋ ትላትል ሊኖረው ይችላል። ድዱ ሮዝ፣ ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ የማይወጣው፣ በጭራው ሥር ያለው ጸጉር ንጹሕ መሆኑ ይታያል፤ እምብርቱ ላይ እብጠት አለመኖሩ፣ ወንድ ከሆነ ሁለቱም ፍሬዎቹ መውረዳቸው በጣት ይዳሰሳል። ብዙ ቡችላ ካለ ምርጫውን ለአርቢው መተው ይሻላል፤ እሱ ለሳምንታት አይቷቸዋል፣ ገዢው ለአንድ ሰዓት።

ቡችላ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይም፤ በጣም ትንንሽ ዝርያዎች እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ቢቆዩ ይመረጣል። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለምድበት ስለሆነ በረት ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ቡችላ ፍርሃቱ ዕድሜ ልኩን ሊከተለው ይችላል። የትላትል መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ ይሰጣል። ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ የሚደገመው ከእናት ጡት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍና መቼ እንደሚጠፋ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው። የ8 ሳምንት ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» ከተባለ ስህተት ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ገዢው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ሐኪም ማስመርመር እንደሚችል፣ በዘር የሚመጣ በሽታ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ፣ ውሻው ለእርባታ ይውል እንደሆነ፣ እንዲሁም ገዢው በማንኛውም ዕድሜ ማቆየት ቢያቅተው አርቢው መልሶ እንደሚቀበለው ይጻፍበታል። ከመፈረም በፊት የማይክሮቺፑ (ከቆዳው ሥር የገባው መለያ) ባለ15 አሃዝ ቁጥር በማንበቢያ መሣሪያ ተነቦ ከዘር ሐረጉና ከክትባት ካርዱ ጋር ይመሳከራል፤ የወላጆቹ የምርመራ ውጤቶችም የቺፕ ወይም የምዝገባ ቁጥራቸው በላያቸው ካልሰፈረ የማን እንደሆኑ አይታወቅም።