ማይክሮፕላስቲክ ምንድን ነው? ዓሣውንስ ምን ያደርገዋል?

ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ከጤፍ ፍሬ የሚያንሰው ብዙ ነው። የተጣለ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ አይበሰብስም። ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰባበራል እንጂ የትም አይሄድም። የፖሊስተር ልብስ ሲታጠብ ክሩ ይረግፋል። የመኪና ጎማም አስፋልት ላይ እየተፋቀ ብናኝ ይተዋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይህን ሁሉ ጠራርጎ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይከተዋል።

ነገሩ የውቅያኖስ ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ የአራት ዝርያ ዓሦችን ሆድ ዕቃ መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት 35 በመቶዎቹ ፕላስቲክ ውጠው ተገኙ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በዝርያዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ነው። ከሐይቁ ወለል ምግባቸውን የሚለቅሙት አምባዛና ካርፕ ከቆሮሶ የበለጠ ፕላስቲክ ነበረባቸው። ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን ነው። አምባዛ ላይ ደግሞ በዝናብ ወቅት ቁጥሩ ከፍ ብሏል።

ከተዋጠው ውስጥ ብዙው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የሚቆየው ግን ሆድ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ዓሣው የጠገበ ይመስለውና መብላት ይቀንሳል፤ እድገቱም ይጓተታል። ስለታማው ስብርባሪ አንጀቱን ይፍቀዋል፣ ያስቆጣዋል።

ከዚህ የከፋው ኬሚካሉ ነው። ፕላስቲክ ሲመረት የሚጨመሩት እንደ ቢስፌኖል ኤ ያሉ ነገሮች የዓሣውን ሆርሞን ሊያዛቡና መራባቱን ሊጎዱ ይችላሉ። በዚያ ላይ ፕላስቲክ እንደ ዲዲቲ ያሉ ውሃ ውስጥ ያሉ መርዞችን ስቦ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ሳን ዲዬጎ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ ሜዳካ ለሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ከምግባቸው ጋር ተሰጣቸው። በሁለት ወር ውስጥ ጉበታቸው ላይ ጉዳት ታየ። ባሕር ያልነካው ንጹሕ ፕላስቲክ የተሰጣቸውም አልዳኑም፤ ጉዳታቸው ግን ቀለል ያለ ነበር።

የጎማው ጉዳይ ደግሞ ያስደነግጣል። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ኮሆ ሳልሞን የሚባሉ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ሲመለሱ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በጅምላ ይሞቱ ነበር። ተመራማሪዎች ለዓመታት ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2020 ደረሱበት። ጎማ ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ኬሚካል አየር ውስጥ ካለው ኦዞን ከሚባል ጋዝ ጋር ሲገናኝ ወደ መርዝ ይቀየራል። ያ መርዝ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ሳልሞኑን በሰዓታት ውስጥ ይገድለዋል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ብዙዎቹ የላብራቶሪ ሙከራዎች የሚጠቀሙት የፕላስቲክ መጠን ሐይቅ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ እዚያ የታየው ጉዳት ሁሉ ዝዋይ ላይ በዚያው ልክ ይደርሳል ማለት አይቻልም።

«ዓሣውን ብበላስ?» ለሚል፦ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው ሆድ ዕቃው ውስጥ ስለሆነ ሲጸዳ አብሮ ይወጣል። ሳይጸዱ እንዳሉ የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች ግን ከነፕላስቲካቸው ነው የሚበሉት። እኔ ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ብቻ ባይቆም ደስ ይለኛል። ዓሣው ራሱ ሊታመም ይችላል፤ የዝዋይ ዓሣ አስጋሪም የሚያድረው በእሱ ነው።