የዋሻን ዕድሜ የምትናገር የአይጥ ጥርስ

ዋሻ ውስጥ የተከመረ ደለል ዕድሜው ስንት ነው? በራዲዮካርቦን (በአጥንትና በከሰል ውስጥ የቀረውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በመለካት) ማወቅ የሚቻለው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ደለሉ ከዚያ ካለፈ፣ ዕድሜው ሊለካ የሚችል የእሳተ ገሞራ አመድም ካልተገኘበት፣ ነገሩ ይከብዳል። ያኔ የአይጥ ጥርስ ትፈለጋለች። አዎ፣ የአይጥ!

ዋሻ ውስጥ ማን አስገባት? ብዙ ጊዜ ጉጉት ናት። አይጧን እንዳለች ትውጥና ፀጉሩንና አጥንቱን አድቦልቡላ መልሳ ትተፋዋለች። ጉጉቶች አንድ ማረፊያ ላይ ለብዙ ዘመን ሲፈራረቁ ከሥሩ የሚከማቸው ጉድ ነው። ሥራው ግን አያምርም፦ ደለሉ በከረጢት ይወጣል፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር በሚሆን ወንፊት በውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ በወረንጦ ጥርስ ሲለቅም ይውላል።

የዝሆን አጥንት ለምን አይሆንም? ይሆናል፤ ግን ጥቂት ነው። አይጦች ብዙ ናቸው፣ ቶሎ ይራባሉ፣ ጥርሳቸውም ቶሎ ይለወጣል። ስመ ጥሩዋ ቮል የምትባለው ጭራ አጭር የአይጥ ዘመድ ናት። አውሮፓ ውስጥ ሚሞሚስ የተባለው የጥንቱ ቮል የመንጋጋ ጥርሱ ሥር ነበረው። ዘሩ አርቪኮላ ግን ሥር የለውም፤ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ለውጡ የመጣው የዛሬ 600,000 ዓመት አካባቢ ነው።

ስፔን ውስጥ አታፑዌርካ በተባለ ቦታ፣ ግራን ዶሊና ዋሻ፣ በ1994 የጥንት ሰው አጥንት ሲገኝ ከዚያው ንብርብር ሚሞሚስም ወጥቷል። የምድር መግነጢስ አቅጣጫ የተገለበጠበት የ780,000 ዓመት ምልክት ደግሞ ከበላዩ ተገኘ። ምልክቱ ከላይ ስለሆነ አጥንቱ ከዚያ ይበልጣል፤ ሚሞሚስም ከ600,000 ዓመት በላይ ነው ይላል፤ ሁለቱ ተስማሙ ማለት ነው።

እርግጥ ጥርስ ብቻውን ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም፤ «ከዚህ በፊት፣ ከዚያ በኋላ» ይላል እንጂ። ጉድጓድ የሚምስ እንስሳ ወይም ጎርፍ የታችኛውን ደለል ከላይኛው ይደባልቀዋል። ስለዚህ ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየ ወይም ጠርዙ የተፋፋቀ ጥርስ ይጠረጠራል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የሚሞሚስ ጥርስ ሥር የሚያወጣው እንስሳው ሲጎለምስ ነው፤ የግልገሉ ጥርስ ሥር ስለሌለው የአርቪኮላ ይመስላል። አንዷን ይዞ ከመፍረድ ሌሎቹንም ለቅሞ ማየት ይሻላል።