ሉና «የሳምንት ዕድሜ ያላት» የእሳት እራት አይደለችም

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ ሙቀት በገባ ቁጥር ያንኑ ፎቶ ይልኩልኛል። በረንዳ መብራት ሥር ያረፈች፣ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ የእሳት እራት። ሉና ናት፤ የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ የደን ነዋሪ። መልእክቱም ያው ነው፦ «የምትኖረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው አሉ፣ ታሳዝናለች! ምን እናብላት?»

ምንም አታብሏት። ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትመገብበት አፍ የላትም። ለመብረር ጉልበት የሚሰጣት አባጨጓሬ ሳለች ያጠራቀመችው ስብ ነው። ስኳር በጥብጣችሁ ብታቀርቡላት ክንፏን ታጣብቃላችሁ እንጂ አትጠጣውም። ቀን ግድግዳ ላይ ዝም ካለችም አልታመመችም፤ የምትበረው ሌሊት ነው።

ልብስ አትበላም። አባጨጓሬዋም አታቃጥልም።

ረጅሙ ጅራቷም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ስትበር ይሽከረከርና በድምፅ እየፈለገ ሊበላት የሚመጣውን የሌሊት ወፍ ዒላማ ያስታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት የሌሊት ወፎቹ ጅራት ካላቸው ሉናዎች የያዙት 35 በመቶ ያህሉን ነው፤ ጅራታቸው ከተቆረጠው ግን 81 በመቶ ያህሉን።

«አንድ ሳምንት» የሚለው ግን በጣም ያናድደኛል። ሳምንቱ የክንፏ ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት እንቁላል ነበረች። ከዚያ የዋልነት፣ የሂክሪ ወይም የበርች ዛፍ ቅጠል እየበላች፣ ቆዳዋን አራት ጊዜ እየቀየረች ያደገች አባጨጓሬ ነበረች። በመጨረሻ ቅጠል በሐር ጠቅልላ ውስጡ ፑፓ ትሆናለች፤ ፑፓ ማለት አባጨጓሬዋ ሳትበላ ወደ ባለክንፍ የምትለወጥበት ደረጃ ነው። በሞቃቱ በጋ ፑፓ የሆኑት በሳምንታት ውስጥ ክንፍ አውጥተው ይወጣሉ። የመኸሮቹ ግን መሬት ላይ፣ በረገፈ ቅጠል መሃል፣ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ይከርማሉ። ከእነዚህኞቹ ዕድሜ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው፣ ማንም የማያየው።

«የሳምንት ፍጥረት» ብሎ ያመነ ሰው በብርዱ ክረምት የምትኖር አይመስለውም። ጎረቤቴ ከዋልነቱ ሥር ያለውን ቅጠል በየዓመቱ በከረጢት እየሞላ ያስጭናል፤ በጋ ላይ ደግሞ ሉና ለምን እንደጠፋች ይጠይቀኛል። አንዱን ከረጢት ዘርግፌ ፈተሽኩለት። በቅጠል የተጠቀለለ ፑፓ ወጣ። እጁ ላይ ሳስቀምጥለት ውስጡ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ተሰማው። እንደገና አስጭኖ አያውቅም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከዛፉ ሥር ያለውን ቅጠል ተዉት። መንገዱን ማጽዳት ካለባችሁ በእጅ ሰብስባችሁ ወደ ዛፉ ሥር መልሱት፤ በሣር ማጨጃ አትፍጩት። ፑፓ ካገኛችሁ ሞቃት ቤት አታስገቡት፤ ያለጊዜው በጥር ይወጣና የሚገናኘው ሌላ ሉና አያገኝም። የበረንዳውንም መብራት ማታ አጥፉት። ወንዱ ሌሊት የሴቷን ሽታ ተከትሎ ነው የሚበረው፤ መብራቱ መንገድ ያሳስተዋል።